ዘርፈሽዋልና የባዩ ቆርቆሮ

«አንተ የሰማይ ወፍ፣ ዝቅ በል እንተያይ፣
ም... ም... ም... ም... ም... ወይ።»

በዚያ በልግ ዘርፈሽዋል ይህን ስታንጎራጉር ያልሰማ የመንደሩ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ስንኝ ቃል በቃል ታወርደዋለች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ አፏ ይዘጋና አፍንጫዋ ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ «ወይ» የምትለዋ ብቻ ጭጋግ ውስጥ እንደጠፋች ጥጃ ብቅ ትላለች።

«ምነው መሀሉን ዋጥሽው?» ይሏታል።

«አልዋጥኩትም፤ ገና አልቀረበልኝም» ትላለች።

ዘርፈሽዋል ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቸሃ ውስጥ ባለች መንደር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቁመቷ አጭር ነው። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አዝላ ወደ ገበያ ስትወርድ ከኋላ ለሚያያት ሰው እግር ያወጣ እንሰት የሚሄድ ይመስለዋል። ለቅሶ ቤት ገብታ ሰው ሳታስቅ ወጥታ አታውቅም፤ ሠርግ ላይ ደግሞ በዘፈኗ መሀል አንዲት ስንኝ ትጥልና ያገቡትን ሁሉ ታስለቅሳለች።

አንድ ነገር ግን አይሆንላትም፤ ቁጭ ብላ መብላት። ሙሽራ ሆና በገባችበት ቤት አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ክፉ አልነበሩም፤ ዓይናቸው ብቻ ከቤቱ ምሰሶ ይረዝም ነበር። ሙሽራ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ባሏን ታስቀድማለች፣ የተረፈውን ምሰሶ ተደግፋ ትጎርሳለች። አማቷ ሞቱ፤ ባሏም ተከተላቸው፤ ምሰሶውና ዘርፈሽዋል ግን እንደተደጋገፉ ቀሩ።

«ዘርፌ፣ ስትሞች ጉድጓድሽን እንደ ምሰሶ ጉድጓድ ነው የምናስቆፍረው፤ ቆመሽ ትገቢበታለሽ» ትላታለች ጎረቤቷ ሰፍያ።

«ጥሩ፤ ቦታም አልፈጅባችሁ» ትላለች ዘርፈሽዋል፣ ጉንጯን በቆጮ ሞልታ፣ በቁሟ።

መንደሩ ጫፍ፣ እንሰቱ መሀል፣ ትምህርት ቤት ነበር። ግድግዳው እንደማንኛውም ቤት ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ። እስከ ወልቂጤ ድረስ ያለው ቤት ሁሉ ሣር በለበሰበት ዘመን ያ ጣሪያ የአገሩ ዘውድ ነበር። ያመጣው ባዩ ነው። ባዩ አዲስ አበባ የሚነግድ ወጣት ሲሆን፣ የአገሩን ልጆች አስተባብሮ ቆርቆሮውን በበቅሎ አስጭኖ ወንዝ እያሻገረ አስገባው። አባቱ አቶ ወልደማርያም የዘርፈሽዋል ባል ታላቅ ወንድም ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣሪያውን እንደ ልጅ ልጅ ይጠብቁታል፤ ቁራ ሲያርፍበት በሽማግሌ ቃል እየለመኑ ያስነሡታል፤ እምቢ ካለ ድንጋይ አይወረውሩም፤ ድንጋዩ ቆርቆሮውን ይነካዋላ።

ጦርነቱ ሲመጣ አስተማሪው ዘመተ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ፈጀ፤ ከእሳቱ ያመለጠው በየአገሩ ተበተነ። ወደ ቸሃም ብዙ ሰው ፈሰሰ፤ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የሌለው ወደ ዘርፈሽዋል። ቤቱ ሁሉ ሲሞላ የተረፈው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገባ። አቶ ወልደማርያም በር ላይ ቆመው የመጣውን ሁሉ «ባዩን አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። ያየ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጣሪያውን ቀና ብለው የሚያዩበት ዓይን ሌላ ሆነ።

ከመጡት መሀል ወለተ ሐና የምትባል ሴት ከእህቷ ጋር ነበረች። ያቺ ዜማ የእሷ ናት። ጎመን ስትቀነጥስ ትጀምራለች፤ እህቷ ትቀበላታለች፤ የወለተ ሐና ድምፅ እንደ ክራር ጅማት የጠራ ነው። ዘርፈሽዋል ቆጮዋን ይዛ ከደጅ ስትሰማው እግሯ ይፈጥንባታል፤ ገና ከመግባቷ ግን ሰው ሁሉ «ቆጮ መጣ» ብሎ ይንጫጫል፤ ዘፈኑም እዚያው ይቆረጣል።

ከዕለታት አንድ ቀን የጣሊያን አይሮፕላን መጣ።

በዚያ አገር መንደሩን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ አለ፤ ጀፎር ይባላል። ልጅ የሚቦርቅበት፣ ሽማግሌ የሚፈርድበት፣ ሙታን የሚሸኙበት እሱ ነው። በጀፎር የሚያልፍ እንግዳ ሰላምታ ሳይሰጠው አያልፍም፤ ነውር ነው። አይሮፕላኑም ዝቅ ብሎ ጀፎሩን ይዞ ከዳር እስከ ዳር በረረ። ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ ተሰለፈ። አቶ ወልደማርያም ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን አንሥተው፣ «ደህና ዋልክ» አሉት። ትምህርት ቤቱ ላይ ደርሶ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ ከዚያ ሄደ።

«ጨዋ ይመስላል» አሉ አቶ ወልደማርያም። «አልወረደም እንጂ አይቶናል።»

በማግሥቱ ተመልሶ መጣ፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቦምብ ጣለ። ከስደተኞቹ ሦስት ሰው ሞተ። አንዷ የወለተ ሐና እህት ነበረች፤ ጎመኑ እጇ ላይ እንዳለ። የመንደሩ ሰው አብሮ አልቅሶ እዚያው ግቢ ዳር ቀበራቸው። አቶ ወልደማርያም መጀመሪያ ቀና ብለው ያዩት ጣሪያውን ነበር። ደህና መሆኑን አይተው «ተመስገን» ሲሉ ዘርፈሽዋል ሰማቻቸው፤ መስማቷንም አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ቀና አላሉም።

ወለተ ሐና ዝም አለች። ጎመን ትቀነጥሳለች፣ ሲጠሯት ትዞራለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። ወደ ሌላ ቤት እንውሰድሽ ሲሏት እህቷ የተቀበረችበትን አፈር በእጇ ታሳያለች። የሚወልዱ፣ የታመሙ፣ እግራቸው ያበጠ ሌሎችም ከእሷ ጋር እዚያው ቀሩ። የበልግ ደመና ሰማዩን ስለዘጋው አይሮፕላኑ ለጊዜው አልመጣም። ደመናው የተገለጠ ቀን ግን እንደሚመጣ ልጅ አዋቂው ያውቅ ነበር።

ዘርፈሽዋል ጀፎሩ ላይ አቶ ወልደማርያምን ያዘቻቸው።

«አያ፣ የሚጠራው ቆርቆሮው ነው። ከላይ ሲታይ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ይነሣ።»

«ሙሽራን በሰው ፊት አራቁቱ ነው የምትይኝ?»

«ሙሽራም ክፉ ዓይን ሲመጣ ትሸፈናለች።»

«እንግዲያስ ኮባ አልብሱት።»

«ኮባውን ነፋስ ሲገልጠው በየቀኑ አንተ ልትወጣ ነው?»

አቶ ወልደማርያም በከዘራቸው ሣሩን ጫር ጫር አደረጉ። «ባዩ መጥቶ ጣሪያዬ የት ሄደ ቢለኝስ?»

ዘርፈሽዋል ወደ እንሰቱ ማሳ አየች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ድምጿን እንደ ማር አለሰለሰችው።

«አያ፣ የዚህ አገር ሰው የሚሳሳለትን ነገር የት ያስቀምጣል?»

«ጉድጓድ ነዋ።»

«ቆጮ ጉድጓድ ሲገባ ይበላሻል?»

«ይበስላል እንጂ።»

«እንቅበረዋ። ከታች ኮባ፣ ከላይ ኮባ። ባዩ ሲመጣ እንደ ቆየ ቆጮ አውጥተን እናቀርብለታለን።»

ሽማግሌው አሰቡ። ነገሩ ከአባት የወረደ ጥበብ ሆኖ ታያቸው። «ግን ሌላ ሰው ሚስማሩን እንዳይነካብኝ» አሉ።

ራሳቸው ጣሪያው ላይ ወጡ። ሚስማሩን በቀስታ እየነቀሉ፣ የጎበጠውን እያቃኑ ኪሳቸው ይከታሉ፤ ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን አቅፈው ለሴቶቹ ያቀብላሉ። ሴቶቹ በኮባ ጠቅልለው ይሸከማሉ። በዚያ መንደር እንሰት በሚፋቅበት፣ የቆጮ ጉድጓድ ባለበት ቦታ ወንድ ድርሽ አይልም። አቶ ወልደማርያምም ሥርዓት አክባሪ ናቸውና ከአጥሩ አላለፉም። ሴቶቹ እየዘፈኑ አጥሩን አለፉ፦

«ዘወር በል አያ ወንድ ከእንሰት ማሳ ላይ፣
የተቀበረ ሀብት ሳይበስል አይታይ።»

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ግን ከቆጮ በቀር ምንም አልገባም።

የዘርፈሽዋልን ምሥጢር አስቀድማ የሰማች ሰፍያ ናት።

«ሰፍያ፣ እንግዳ የሚፈልገውን ሰው ደጅ ላይ ቢያጣው ምን ያደርጋል?»

«ጓዳውን ይፈትሻል።»

«ይኼ የሰማዩ እንግዳም ቆርቆሮውን ቢያጣ ሣር ቤቱን ሁሉ ይፈትሻል። ስለዚህ ከበር ላይ እንቀበለው።»

በሩ ረግረጉ ነበር። ከመንደሩ ርቆ፣ ከቁልቁለቱ በታች፣ ከብት እንኳ የማይገባበት፣ የእንቁራሪት አገር። ሴቶቹ በማሳው ጀርባ ዞረው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው፣ ቆርቆሮውን በእንጨት ላይ አንጋደው የቤት ጣሪያ አስመስለው ተከሉት። ሰፍያ ራቅ ብላ አየችውና «ወላሂ፣ ከእውነተኛው ያምራል» አለች። ትምህርት ቤቱን ሣርና ኮባ አለበሱት፤ ከላይ ለሚያየው እንሰት ብቻ ሆነ።

አቶ ወልደማርያም ግን እንቅልፍ አጡ። ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሰፍያን ይጠሯታል።

«ሰፍያ፣ ዝገት አይነካውም?»

«ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ዝገት አይነካውም፣ አያ።»

«ኮባው ከታችም ከላይም አለ?»

«ወላሂ ከታችም አለ፣ ከላይም አለ።»

ሰፍያ በሐሰት አትምልም፤ የማለችው ስለ ኮባው ነው። ከዚያ ገብታ ዘርፈሽዋልን በክርኗ ትጎሽማታለች። «ሦስተኛ ከጠየቁኝ እናገራለሁ። አላህን ፈርቼ ነው፤ አንቺንማ አልፈራሽም።»

ዘርፈሽዋል እየሳቀች ምሰሶውን ትደገፋለች። ምሽት ምሽት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቆጮዋን ታድላለች፤ ወለተ ሐና አጠገብ ትቆምና «አንተ የሰማይ ወፍ» ብላ ትጀምርላታለች፤ አፍንጫዋ ሲቀጥል የወለተ ሐናን ፊት ታያለች። ወለተ ሐና ጎመኗን ትቀነጥሳለች። ሌሎቹ መጨረሻውን ሊሞሉላት ይሞክራሉ፤ አንዱ «ከላይ ቤት አለህ ወይ» ነው ይላል፤ ሌላዋ «እናትህ ደህና ናት ወይ» ነው ትላለች። ዘርፈሽዋል ራሷን ትነቀንቃለች፤ የጎደለውን ባታውቀውም ያልሆነውን ታውቀዋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደመናው ተገለጠ። ፀሐይ በልግ ያጠበው እንሰት ላይ ወጣች፤ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ብርሃን ሆነ። አቶ ወልደማርያም ጀፎሩ ላይ ቆመው ፊታቸውን ሲያሞቁ ከቁልቁለቱ በታች አንድ ነገር ዓይናቸውን ወጋው። ከዘራቸውን ተደግፈው አዩ። ያንን ብልጭታ ያውቁታል። ሌላ ሰው ሐይቅ ነው ሊል ይችላል፤ እሳቸው ግን እያንዳንዱን ቆርቆሮ በፊቱ ያውቁታል።

ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ሲሮጡ ያየ ሁሉ ጅብ የመጣ መሰለው።

ዘርፈሽዋል ቆጮዋን ጣለችና ተከተለቻቸው። ረግረጉ ላይ ስትደርስ እስከ ወገባቸው ገብተው አንዱን ቆርቆሮ ሲጎትቱ አገኘቻቸው።

«አያ፣ ውጣ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ይመጣል።»

«ልጄን ለእንቁራሪት ሰጠሽው?»

«ለእንቁራሪት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ላሉት ነው። ውጣና ከዚያ ስደበኝ።»

«ሁሉንም ሳልይዝ አልወጣም።»

ያን ጊዜ ድምፁ ተሰማ። ከአዲስ አበባ በኩል፣ እንደ ንብ፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ። ዘርፈሽዋል ለመነች፣ ተቆጣች፣ ጭቃ ወረወረችባቸው። ሽማግሌው ቆርቆሮውን አቅፈው ቆሙ። ሰውየው ልባቸው እዚያ ቆርቆሮ ላይ በሚስማር የተመታ ነበር፤ ሚስማሩን የሚነቅል አንድ ቃል ብቻ እንዳለ ዘርፈሽዋል አወቀች። በሕይወቷ ብዙ ቀልዳለች፣ ብዙ አታላለች፤ ያንን ቃል ግን ዓይኗን ጨፍና አወጣችው።

«አያ ወልዴ፣ ባዩ መጣ። ከመንገዱ ላይ ቆሟል።»

ወጡ። ጭቃው ለቀቃቸው፤ ያቀፉትን ቆርቆሮ እንኳ ሳይጥሉ እየወደቁ እየተነሡ ወጡ። ዘርፈሽዋል ክንዳቸውን ይዛ ወደ አንድ የጎርፍ ቦይ ጎትታ ጣለቻቸው፤ ቆርቆሮው በላያቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።

ጭቃ ዘነበ። የረግረጉ ውኃ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመለሰ። ቆርቆሮዋ በላያቸው እንደ ከበሮ ተመታች፣ ተበሳች፣ ግን ከለለቻቸው። አይሮፕላኑ እስኪጠግብ ዞሮ ሲሄድ ዝምታ መጣ፤ ከዝምታው ውስጥም አንዲት እንቁራሪት ጮኸች።

አቶ ወልደማርያም ቀና አሉ። ዓይናቸው ብቻ ነው ከጭቃው የሚታየው። ወደ መንገዱ አዩ።

«ባዩ የታለ?»

ዘርፈሽዋል ሌላ ውሸት ፈለገች፤ አልቀራትም። «ዋሸሁ፣ አያ።»

ሽማግሌው የተበሳችውን ቆርቆሮ አነሡ፤ ራሳቸው ላይ ጫኑ። ወደ ኋላ ሳያዩ ዳገቱን ጀመሩ። እሷም ከኋላ እንደ በደለኛ በግ ተከተለች።

ጀፎሩ ላይ የመንደሩ ሰው ከስደተኞቹ ጋር ወጥቶ ይጠብቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ እንዳለ ነው፤ ኮባው አንድ እንኳ አልተነካም። ያ ሁሉ ዓይን ቁልቁለቱን ሲያይ ጣሪያ የለበሰ ጭቃ ብቅ አለ፤ ጭቃው ከዘራ ይዟል፤ በከዘራው ጫፍ ላይም አንዲት እንቁራሪት ተቀምጣ አገር ታያለች። ሰዉ አፉን ያዘ። ከመሀል አንድ ድምፅ አፈተለከ፤ የሳቅ ድምፅ። ሁሉም ዞረው አዩ። ወለተ ሐና ነበረች። ጎመኗን እንደያዘች ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ደግሞ ትስቃለች።

ሰፍያ ያን አይታ አልቻለችም፤ እጇን አጨብጭባ አወረደችው፦

«ጣሊያን ምን ጎደለው፣ ምን ነገርስ አጣ፣
እንቁራሪት ሊወጋ ከባሕር ማዶ መጣ።»

ጀፎሩ ሁሉ ተቀበላት። አቶ ወልደማርያም ብቻ አልሳቁም። እንቁራሪቷን በጣታቸው አንሥተው ሣሩ ላይ አኖሯት፤ ቆርቆሯቸውን ይዘው በሰዉ መሀል ወደ ትምህርት ቤቱ አለፉ። ሳቁም ከኋላቸው ቀስ በቀስ ሞተ።

ከሰዓት በኋላ፣ የዕለቱ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ሲደርስ፣ ዘርፈሽዋል ቆጮና ጎመን ይዛ ትምህርት ቤት ገባች። ሁዳዴ ነውና አይብ የለም፤ ሚጥሚጣ ግን አልጠፋም። ለሕሙማኑ አደለች፣ ለአራሷ አደለች፣ ለወለተ ሐና አደለች። ለአቶ ወልደማርያም ስትደርስ ቦታቸው ባዶ ነው። የሳቸውን በኮባ ሸፍና ለይታ አስቀመጠች። የራሷን ቁራሽ ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ምሰሶ ሄደች፤ ተደገፈች፤ አፏ ግን እምቢ አላት።

አቶ ወልደማርያም ድንጋይ ታቅፈው ገቡ። ምሰሶው ሥር አኖሩት። ወጥተው ሌላ አመጡ። በሁለቱ ላይ ያችን ቆርቆሮ አጋደሙ፤ ጭቃዋን አጥበዋታል። በላይዋ ኮባ አነጠፉ። ከዚያ ከዘርፈሽዋል እጅ ቆጮውን ተቀበሉ። በዕድሜያቸው ሰው አስተናግደው አያውቁምና ቆጮውን እንደ ጠፍር በቢላ መተሩት፤ ጎመኑን ከጎኑ ማድረግ ሲገባ ሙሉውን ላዩ ላይ ደፉት። ሰፍያ ልታርማቸው ስትል ወለተ ሐና ቀሚሷን ያዘቻት።

«ባዩ መጣ ብለሽኝ አልነበር?» አሉ።

ዘርፈሽዋል ወደ መሬት አየች። «ብዬ ነበር፣ አያ።»

«ይኸው መጣ። ከልሎናል። ተቀመጪበት።»

«አያ፣ እኔኮ ቁጭ ብዬ...»

«አውቃለሁ። እናቴ ሞታለች፤ ማንም አያይሽም።»

ዘርፈሽዋል ምሰሶውን ለቀቀችው። መቀመጥ የማያውቅ ገላዋን ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ ቆርቆሮዋ ከሥሯ እንደ አሮጊት አቃሰተች፤ ብድግ ልትል ሲዳዳት የሽማግሌው እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ከጥጉ ያ እንደ ጅማት የጠራ ድምፅ፣ በቀጭኑ፣ እየተንቀጠቀጠ መጣ፦

«አንተ የሰማይ ወፍ፣ ዝቅ በል እንተያይ፣
ሰው ከላይ ሲያዩት ሰው ይመስላል ወይ?»

ማንም «ቆጮ መጣ» ብሎ አልተንጫጫም። ስንኙ እስከ መጨረሻው ሄዶ አረፈ።

«እሱ ነው?» አለች ዘርፈሽዋል፣ በሹክሹክታ።

«እሱ ነው» አለች ወለተ ሐና። «ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ አንቺ ምግብ ይዘሽ እየገባሽ ነው የምታቋርጪኝ።»

ዘርፈሽዋል ጎመን የተደፋበትን፣ በጠፍር አምሳል የተመተረውን ቆጮ አነሣች። ጎረሰች፤ ተቀምጣ።